የጋሽ ዘርጋውን ውጤት ማን ይንገራቸው

ተረቴ የሚጀምረው ከአንድ ሰው አንገት ላይ ነው፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ጋሽ ዘርጋው አንገታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ሆስፒታል ሄደው ናሙና ሰጡ፤ ክፉው በሽታ ይሁን አይሁን እስኪታወቅ ይጠብቁ ተባሉ። መጠበቅ ደግሞ ከእብጠቱ የባሰ ሆነ። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አላቸው። "ብቻ ውጤቴን ንገሩኝ" ይላሉ ጠዋት ማታ፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም።

አንድ ቀን ለልጃቸው ለማስተዋል ከሆስፒታሉ ተደወለ። ውጤቱ ደርሷል፣ ራሳቸው መጥተው ይስሙ አሏት። ማስተዋል፣ ወሬው ደግ ቢሆን ኖሮ በስልክ ይነግሩኝ ነበር ብላ ደነገጠች። አባቷ ፊት ቆማ ሳትነግራቸው ተመለሰች። ሄዳ እናቷን፣ አንቺ ንገሪው አለቻቸው።

እናት ጥሩወርቅ ደግሞ፣ አፌን ሳልከፍት ፊቴን አይቶ ያውቅብኛል አሉ። ልጅ አልናገርም አለች፣ እናት አልናገርም አሉ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን እየዳበሱ ይጠብቃሉ።

ጥሩወርቅ ጸጉር ቆራጩን መኩሪያን ለመኑት። ወሬ አልቆበት የማያውቀው መኩሪያ፣ ምላጭ ይዤ እጄ ቢንቀጠቀጥስ አለ። ልጅ አልናገርም አለች፣ እናት አልናገርም አሉ፣ ጸጉር ቆራጭ አልናገርም አለ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን እየዳበሱ ይጠብቃሉ።

መኩሪያ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ላቀውን ለመነ። መምሬ፣ እኔ በራቸው ላይ ብቆም ሊያናዝዙኝ መጡ ብለው እዚያው ክው ይላሉ አሉ። ልጅ አልናገርም አለች፣ እናት አልናገርም አሉ፣ ጸጉር ቆራጭ አልናገርም አለ፣ ቄስ አልናገርም አሉ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን እየዳበሱ ይጠብቃሉ።

መምሬ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ሽመክት ነገሩ። አቶ ሽመክት ደረታቸውን ነፍተው ወጡ፤ መንገድ ላይ ግን ወኔ ከዳቸው። ፍርሃቱ ሐሳባቸውን ሲበትነው እግራቸው በልማድ ወሰዳቸው። በሰፈሩ መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ የሚሄዱት ወደ አንድ ቤት ነው፤ ክፉ ወሬ በለዘበ አፍ መንገር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። ገብተው ተቀመጡ፤ መሬት መሬት እያዩም ጀመሩ።

"ከባድ ወሬ የሚነገረው ሰው ነበር። ከእርስዎ በቀር የሚችልበት የለም።"

"ማነው ሰውየው?"

አቶ ሽመክት ሊመልሱ ቀና ሲሉ የማን ቤት እንደገቡ አዩ። ሽማግሌው ጋሽ ዘርጋው ናቸው። መሸሻ ስላጡ ሁሉንም ዘርዝረው ተናገሩ።

ጋሽ ዘርጋው ተነስተው ኮታቸውን አነሱ። "ሰውየውን አውቀዋለሁ" አሉ። "እኔው እነግረዋለሁ።"

አቶ ሽመክትን አስከትለው ሆስፒታል ሄዱ፤ ዳኛው ግን ከበር ውጭ ቀሩ። ሐኪሟ ክፉው በሽታ አይደለም አለቻቸው፤ የንፍፊት ቲቢ ነው፣ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ከዋጡ ይድናሉ። ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ እስካሁን ጀምረውት ነበር ስትል ተቆጣቻቸው።

ከዚያማ ወሬውን ማን ይቻለው። ሐኪሟ ለጋሽ ዘርጋው ነገረች፣ ጋሽ ዘርጋው ለዳኛው ነገሩ፣ ዳኛው ለቄሱ ነገሩ፣ ቄሱ ለጸጉር ቆራጩ ነገሩ፣ ጸጉር ቆራጩ ለእናት ነገረ፣ እናት ለልጅ ነገሩ። ማስተዋል እየሮጠች ወደ ቤት ስትገባ አባቷን በረንዳ ላይ አገኘቻቸው።

"አባዬ፣ ቁጭ በል። ክፉው አይደለም፤ ትድናለህ" አለቻቸው።

ጋሽ ዘርጋው ሰምቻለሁ አላሏትም። ለሰው ሁሉ ክፉ ወሬ ሲነግሩ የኖሩት ሰውዬ፣ ቁጭ አሉና እንባቸው እየወረደ፣ "እስቲ ድገሚልኝ" አሏት።