ምድር የተንቀጠቀጠች ዕለት የጎደለው

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የኋላውም ይስማ። ላውራ? «አውራ» በሉኝ እንጂ! ዝም ላለ ሰው አላወራም። እሺ፣ እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት እንደ እኛ ሹምና ሸንጎ በነበራቸው ጊዜ፣ ከአንድ ተራራ ሥር አንድ ሰላማዊ አገር ነበር። በዚያ አገር ምድር ተንቀጥቅጣ አታውቅም፤ አያት ለልጅ ልጁ ያወራው እንኳ አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ምድር ጉርርር አለች። ዛፉ ተወዛወዘ፤ ወንዙ ደፈረሰ፤ ከተራራው ላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

እንስሳቱ እየተርበተበቱ ወጡ። የአገሩ ጭቃ ሹም ሽማግሌው አያ ዝንጀሮ ነበር። አያ ዝንጀሮ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሲፈራ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አውጫጭኝ መጥራት። አውጫጭኝ ምን መሰላችሁ? ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል፣ ያጠፋው ካልታወቀ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ለሌባ ጥሩ ነው። አያ ዝንጀሮ ግን ለምድር መንቀጥቀጥ ጠራው!

በዚያ ዘመን ነጋሪትም ይናገር ነበርና፣ የሹሙ ነጋሪት በወፍራም ድምፁ፣ «ውጡ! ውጡ! እግዜር ተቆጥቷል! ያስቆጣው ይውጣ!» እያለ ጮኸ።

ከተሰበሰቡት መካከል አንዲት ጃርት ነበረች። ሥር ልትቆፍር ሜዳ ወርዳ ሳለች ነው ምድር የተንቀጠቀጠችው። ልጇ እሾሄ፣ እሾሁ ገና ያልጠነከረ ሕፃን፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። ሰውነቷ ሸንጎው ላይ ይቀመጥ እንጂ ልቧ እዚያ ነበር።

«አያ፣ ልጄ ብቻውን ነው፤ ልሂድና አይቼው ልምጣ» አለች።

«ተቀመጪ፣ እመት ጃርት። አውጫጭኝ ላይ ነን» አለ አያ ዝንጀሮ።

ተቀመጠች።

ጅብ ተነሣ። «እኔ ነገር አላበዛም። እግዜር የተቆጣው በፍየል ነው። የመቃብር ሣር ስትግጥ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለ።

«አያ፣ የልጄ ድምፅ አይሰማኝም፤ ልሂድ» አለች ጃርት።

«ተቀመጪ፣ እመት ጃርት። አውጫጭኝ ላይ ነን።»

ተቀመጠች።

ፍየል ዘላ ተነሣች። «እኔን ነው የሚለው? እሱ ራሱ በዐቢይ ጾም ሥጋ በልቷል! ያውም አጎቴን!» አለች። አውራ ዶሮም አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ጎህ ሲቀድ ስጮኽ ለጸሎት የሚነሣ አለ? ትገላበጡና መልሳችሁ ትተኛላችሁ። እግዜር የተቆጣው በሁላችሁም ነው፤ ከእኔ በቀር» አለ።

ጃርት ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣች። አሁን እያለቀሰች ነበር። «አያ፣ እግዜር ከተቆጣም ይቆጣ። እኔ እናት ነኝ። ልሂድ!»

አያ ዝንጀሮ ሊለቃት ዳዳው። ግን ሹም ነውና ሕጉን አሰበ። «እንቁጠር» አለ። «ከአውጫጭኝ የቀረ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ማነው የቀረው?»

ዙሪያውን ተያዩ። ጅብ አለ፤ ፍየል አለች፤ ዶሮ አለ፤ ሁሉም አለ። የጎደለው እሾሄ ብቻ ነው።

«እሾሄ ቀርቷል! እሾሄ ነው! እግዜርን ያስቆጣው እሾሄ ነው!» አሉ። ነጋሪቱም ተቀብሎ፣ «እሾሄ ነው! እሾሄ ነው!» እያለ ለአገሩ ሁሉ አዳረሰው።

አይ ሞኝነት! ጡት ያልጣለ ልጅ ምን አድርጎ ነው ሰማይን የሚያስቆጣ? ፍርሃት ግን እንዲህ ነው። የሚወቅሰው ሰው ሲያገኝ የዳነ ይመስለዋል።

ይህን ጊዜ ምድር እንደገና ጉርርር አለች። ሁሉም አጠገቡ ያገኘውን አቀፈ። ዶሮው በዝንጀሮው ራስ ላይ ወጣ። ጅብ ፍየል ላይ ጥምጥም አለባት።

«አያ ጅቦ፣ ልቀቀኝ!» አለች ፍየል።

«ትንሽ ቆዪ፣ እህቴ፤ ፈርቼ ነው» አለ ጅብ። እውነቱን ነበር።

ጃርት ግን ማንንም አላቀፈችም። ሮጠች።

«አውጫጭኝ አፈረሰች! ያዟት!» እያሉ ተከተሏት። ከጉድጓዷ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። የጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ተቀምጧል። ጃርት «እሾሄ! እሾሄ!» እያለች በጥፍሯ ትቧጥጠዋለች።

አያ ዝንጀሮ ድምፁን አከበደ። «አንተ ቋጥኝ፣ እውነቱን ተናገር። የላከህ እግዜር ነው?»

ድንጋይ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም ቀስ ብሎ ነው።

«ማንም አልላከኝም» አለ ቋጥኙ። «አያቶቻችሁ ሳይወለዱ ጀምሮ ተራራው ላይ ተቀምጬ ነበር። ምድር ነቀነቀችኝ፤ ተንከባለልኩ። ስወርድ በጅብ ደጅ አለፍኩ። በፍየል ደጅ አለፍኩ። በአንተም ደጅ አልፌያለሁ፣ አያ ዝንጀሮ። ኃጢአተኛ ፍለጋ የተላክሁ ብሆን እዚህ ድረስ ምን አደከመኝ?»

ጅብ መሬት መሬት አየ። ፍየልም እንደዚያው።

«ሆዴ ሥር አንዲት ትንሽ ልብ ትመታለች» አለ ቋጥኙ። «ከጠዋት ጀምሮ እንዳልጫናት ራሴን ይዤ ደክሞኛል። ጥያቄ ካላችሁ በኋላ ጠይቁኝ። አሁን ግፉኝ።»

ገፉት። ሁሉም በየራሱ አቅጣጫ ስለገፋ አልነቃነቅ አለ። ጅብ «ዞር በሉ!» ብሎ ብቻውን ገፋው፤ እሱም ትንፋሹ ብቻ ነው የወጣው። ከዚያ አያ ዝንጀሮ የሹመት ዘንጉን ጥሎ ከጃርት ጎን ገባ። እሾኋ ጎኑን ወጋው። እሱ ግን መግፋቱን አልተወም። ይህን ሲያዩ ሌሎቹም ከእሱ ጎን ገብተው በአንድ ትንፋሽ ገፉ። ቋጥኙ እፎይ ብሎ ወደ ጎን ተንከባለለ።

እሾሄ ወጣ። አቧራ ለብሷል፤ ሁለት እሾሁ ጎብጧል። እናቱ ላሰችው፤ እያለቀሰች እንደገና ላሰችው። እሱ ግን አላለቀሰም። የቆሙትን ሁሉ ተራ በተራ አያቸው።

«እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለ። «ስሜን ስትጠሩ ከታች ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሳስብ ነበር። ትናንት ያስቀመጥሽውን ስኳር ድንች ደብቄ በልቻለሁ። በእሱ ነው?»

አያ ዝንጀሮ ተንበረከከ፤ ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ምንም አላጠፋህም፣ ልጄ» አለው። «ያጠፋነው እኛ ነን። ያውም ምድር ጸጥ ካለች በኋላ።»

ነጋሪቱ ሳይታዘዝ ተነሣ። እስኪመሽ ድረስ አገሩን እየዞረ፣ «እሾሄ አይደለም! እሾሄ አይደለም!» ሲል ዋለ።

ምድር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ እኔም አላውቅም። እግዜር ሲቆጣ ምን እንደሚመስልም አላየሁም፤ አየሁ የሚል ካለ እሱን ጠይቁት። እኔ የማውቀው በዚያ አገር ዛሬም ምድር ስትንቀጠቀጥ ነጋሪት እንደሚመታ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ወጥቶ እንደሚቆጠር ነው። ብቻ «ማን በደለ?» የሚል የለም። «ማን ጎደለ?» ይባላል፤ ወደ ጎደለው ቤት ይሮጣል።

በሉ፣ የእኔ ወሬ አለቀ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ግራ ቀኛችሁን እዩ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።