ቀዩ አዝራር

አንድ ስብከት አዋቂ ቄስ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ቄስ ኅሩይ ይባላል። ሁልጊዜ ከቃሉ ጋር ምሳሌ ይጨምራሉ። «አንድ የማውቀው ሰው ነበር» ብለው ሲጀምሩ፣ ከዛፍ ሥር የሚያንቀላፉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ሕዝቡም ጥቅሱን ረስቶ ምሳሌውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እነዚህን ሁሉ ምሳሌዎች ከየት እንደሚያመጧቸው የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ምነው አንድ ሰው እንኳ በጠየቃቸው ኖሮ!

ቄሱ የብዙ ቤት የንስሐ አባት ነበሩ። ከንስሐ ልጆቻቸው አንዷ ይመኙሻል የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ንግሥ ሲቃረብ ወደ እርሳቸው መጣች፤ መስቀልም ተሳለመች።

«አባ፣ ልጄን ማስተዋልን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሊመጣ ነው» አለች። «ከንግሡ በኋላ ነው ቀጠሮው። እንደ ደንቡ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ግን የምቆጥርላት የለኝም። አልወለድኳትም፤ ወላጆቿም እነማን እንደሆኑ አላውቅም።»

ከዚያም የቀረውን አወጣችው። ከባሏ ጋር በሌላ አገር ሲኖሩ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ሕፃኗን በአሮጌ ካፖርት ተጠቅልላ በሴቶች በር በኩል አገኘቻት። የካፖርቱ አዝራሮች ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ አንዱ ግን ወድቆ በቦታው ቀይ አዝራር ተተክቷል። ባልና ሚስቱ ሕፃኗን ወሰዷት፤ ወሬ እንዳይከተላትም አገር ለቀው ወደዚህች ከተማ መጡ። ይመኙሻል ካፖርቱን መጣል አልሆነላትም። «የአባትሽ ነው» እያለች በብርድ ጊዜ ልጅቷን ስታለብሳት ኖረች።

«ከሰው እንዳትሰማው ነው የምፈራው» አለች። «ከእኔ አፍ ትስማው አባ። ግን ልናገር ስል አንደበቴ ይያዛል።»

ቄሱ ከልባቸው አዘኑላት። «አይዞሽ ልጄ» አሉ። «በዓሉ ይለፍና ቤትሽ እመጣለሁ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ፤ አንቺው በአፍሽ ትነግሪያታለሽ።»

ይመኙሻል እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ስንት ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን ሰው አገዘኝ ብላ አምና ነበር።

የንግሡ ዕለት ከትልቅ ከተማ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ነበር። ወጣት ነው፤ ድምፁም መልካም ነው። ሕዝቡ አለቀሰ፣ እልል አለ። ቄስ ኅሩይ ተራቸው ደርሶ ሲቆሙ አንዳንዱ ሰው ነጠላውን እያራገፈ ለመሄድ ሲነሳ አዩ። ይህን ያህል ዓመት ያገለገሉት ሕዝብ ነው። ውስጣቸውን ቅር አላቸው፤ ያዘጋጁትንም ትምህርት ተዉትና፣

«አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች» አሉ።

ሊነሳ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር ቄሱ ተጠንቅቀዋል። የሴቲቱን ስም አላነሱም። አገሯን ሩቅ አደረጉት። ሕፃኗን ወንድ ልጅ፣ ሴቲቱንም የነጋዴ ሚስት አደረጓት። ቀዩን አዝራር ግን መተው አቃታቸው፤ የምሳሌው ውበት እሱ ነበራ!

«ወላጅ እናቱ ልጇን ጥላ ልትሄድ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሆኖም ካፖርቱ አንድ አዝራር እንደጎደለው አየች። ጥቁር አላገኘችም። ከራሷ ልብስ ቀይ አዝራር ፈትታ ተከለችለት፤ ብርድ እንዳይገባው። ሰው እንኳ ሲጥል እንዲህ ካደረገ፣ የማይጥለን አምላክማ እንዴት አያደርግልንም?»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። እንግዳው ሰባኪ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ይመኙሻል ብቻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እንደ ተቀመጠች ቀረች።

ከስብከቱ ቀጥሎ የሰንበት ተማሪዎች መዝሙር ነበር፤ ከበሮ የምትመታውም ማስተዋል ናት። ዘማሪዎቹ ተሰልፈው ከበሮውን ጠበቁ። ከበሮው አልተመታም። ማስተዋል ማንገቻውን ከአንገቷ አውጥታ ከበሮውን አጠገቧ ላለችው ልጅ ሰጠችና ከግቢው ወጣች።

እናቷ ተከትላት ቤት ስትደርስ፣ ልጅቷ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀዩን አዝራር ይዛ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ?»

ይመኙሻል ራሷን ነቅንቃ አዎን አለች።

«ለእኔ ሳትነግሪኝ ለሰው ነገርሽ?»

«ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው ልጄ። ላንቺ ልነግርሽ አቅም ፍለጋ ነበር የሄድኩት።»

«አምንሻለሁ» አለች ማስተዋል። «ግን እናት እንደሌለኝ የሰማሁት ከገበያተኛው ጋር እኩል ቆሜ ነው።»

በማግሥቱ ቄስ ኅሩይ እንደ ቃላቸው መጡ። ልጅቷ ግን ገና ሲነጋ ከተማውን ለቃ ወደ አጎቷ፣ ወደ ይመኙሻል ባል ወንድም ዘንድ ሄዳለች። ካፖርቱንም ይዛ ሄዳለች።

«ስምሽን አልጠራሁም እኮ ልጄ» አሉ ቄሱ፣ በር ላይ እንደ ቆሙ።

«ምነው ስሜን በጠሩት አባ» አለች ይመኙሻል። «እኔ ብቻ ባፈርኩ ነበር። ልጄን ግን በአዝራሯ ጠሯት።»

«ለመልካም ነበር ያሰብኩት። ስንት ሰው አለቀሰ፤ ስንቱ ልቡ ተነካ።»

«እኔ ልጄን ቁጭ አድርጌ የምነግርበት አንድ ቀን ነበረኝ» አለቻቸው እንባዋን እየጠረገች። «ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረኝም አባ። እሱን ነው የሰበኩበት።»

ቄሱ እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም «እግዚአብሔር ይፍታዎት» አለች። ከልቧ ነበር። በሚቀጥለው እሑድም በዚያው በሰበኩበት ቦታ ቆመው፣ የሰውን ምሥጢር ጌጥ አድርጌ ለብሼአለሁ ብለው በሕዝቡ ፊት አለቀሱ። ሕዝቡም ይቅር አላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያች ከተማ ስለ እርሳቸው ክፉ የሚናገር ሰው የለም።

ማስተዋል አገባች። የባሏ ወገኖች ደግ ሰዎች ነበሩ፤ የምትቆጥረው ዘር ባይኖራት ምንም አላሉም። ድንኳኑ የተተከለው ግን በአጎቷ ግቢ ነው። ይመኙሻል በልጇ ሰርግ ላይ ተጠርታ ሄደች፤ ከእንግዶች ጋር ተቀምጣ በላች፤ መርቃም ተመለሰች። ማስተዋል በየበዓሉ ትጠይቃታለች፤ «እማዬ» ማለቷንም አልተወችም። ስለ ካፖርቱ ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ ልጆቹ እንደ ወትሮው ወደ ቄስ ኅሩይ መጡ። ሚዛን በማጭበርበር የሚታማው ነጋዴ መጣ፤ መስቀል ተሳለመና «ምንም የለብኝም አባ» አለ። ከወንድሙ ጋር በመሬት የተካሰሰው ገበሬ መጣ። «ምንም የለብኝም» አለ። ጠላ ሻጯም፣ ወታደሩም፣ አዲስ ተጋቢዎችም እንዲሁ አሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከተማው በሙሉ ጻድቅ ሆኖ ቁጭ አለ።

በመጨረሻ ይመኙሻል መጣች። ከስታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የሆነ ነገር እንደሚያንገበግባት ቄሱ አዩ፤ ምን እንደሆነም ያውቁታል።

«ልጄ፣ የምትነግሪኝ የለም?» አሏት እየለመኑ።

እጃቸውን ሳመች።

«ምንም የለኝም አባ» አለች።

ወዳጆቼ፣ ይመኙሻል ቄሱን አልጠላቻቸውም፤ ይቅርታዋም እውነተኛ ነበር። ይቅርታ ግን የተነገረን ነገር ወደ አፍ አይመልስም፤ አንድ ጊዜ የተዘጋን ልብም እንደገና ክፈት ብሎ አያስገድድም። በእግዚአብሔር ቤት የምናገለግል ሰዎች የምንፈራው ገንዘብ መንካትንና ዝሙትን ነው፤ መፍራታችንም ደግ ነው። የሰውን እንባ ለራሳችን ጭብጨባ መጠቀምን ግን ማን ኃጢአት ብሎ ይቆጥረዋል? ስም ስላልጠራን ብቻ ንጹሕ የሆንን ይመስለናል። አደራ ግን ስምን መደበቅ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ታሪክ ባለቤቱ ራሱ እስኪናገረው ድረስ ማቆየት ነው።

ካህን ባትሆኑም እናንተን አምኖ የተናገረ ሰው አይጠፋም። የእርሱ ቀይ አዝራር አሁን የት ነው ያለው?