ፎርማት የተደረገው የውሃ ተራ

አንድ የመስኖ ማኅበር አንድ ላፕቶፕ ነበረው። ላፕቶፑ የአሥራ አራት ቤተሰብ የውሃ ተራ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቦዩን ወደ ማሳው እንደሚያዞር እሱ ውስጥ ተጽፏል።

ላፕቶፑ ከመምጣቱ በፊት ተራ የሚለየው በዱላ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ደንብ አወጣ፤ ላፕቶፑ ላይ ያልተጻፈ ተራ፣ ተራ አይደለም። ሰምቻለሁ፣ ተብሏል፣ ምስክር አለኝ ማለት አይሠራም። ሊቀመንበሩ ይርሳው ከፍቶ ሲያነብ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ማሽን ዘመድ የለውም ብለው ነው።

ከአባላቱ ሁለቱ፣ ጓንጉልና ደብሬ፣ በውሃ ምክንያት ሰባት ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ማሳቸው ጎን ለጎን ነው። ጓንጉል ሲያልፍ በሬዋን "እንዴት አደርክ?" ይላል እንጂ እሷን አይልም።

ዘንድሮ ደብሬ ሽንኩርት ተከለች። የእሷ ተራ እሑድ ብቻ ነው። ሽንኩርት ደግሞ በበጋ ሳምንት ሙሉ አይጠብቅም። ሐሙስ የጓንጉል ነው። ሽማግሌዎች ሰኞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ለመኑት። በመጨረሻ "እሺ፣ የሐሙስን ጠዋት ትውሰድ" አለ። የእሱ ሲነካ የሌላውም ተነካና ዝርዝሩ በሙሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ይርሳው ላፕቶፑ ላይ ጻፈው። ማተሚያ ያለው ከተማ ስለሆነ ወረቀቱ ረቡዕ ሊታተም ተቀጠረ።

ላፕቶፑ ግን አርጅቶ ነበር። እስኪከፈት ድረስ በሬ ተጠምዶ ይፈታል። ማክሰኞ ዕለት ናሆም የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ከከተማ መጣ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ይዘገያል" አለ ይርሳው።

"ፎርማት ነው የሚያስፈልገው። ያለውን ጠርጌ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጭንበታለሁ። እንደገና ይወለዳል።"

"የውስጡስ ጽሑፍ?"

"ጋሼ ደግሞ! ስንቱን ላፕቶፕ ፎርማት ያደረግኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ዲስኩን አውጥቼ ሁሉንም ኮፒ አደርጋለሁ። አንድ ፊደል አይጠፋም።"

እንዳለው አደረገ። ዲስኩን አውጥቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አደረገ። መልሶ ገጠመው። ጠረገ። አዲሱን ጫነ።

ላፕቶፑ ወዲያው ተከፈተ። ይርሳው ተደሰተና የውሃውን ተራ ከፈተ። የወጣው ያለፈው ሳምንት ዝርዝር ነው። የሰኞው የለም።

ናሆም ፈለገ፤ አጣ። በመጀመሪያ በመብራት መቆራረጥ አሳበበ። ቀጥሎ በአቧራው። ቀጥሎ በይርሳው።

"ሴቭ አላደረጉት ይሆናላ፣ ጋሼ።"

"አድርጌዋለሁ! እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የተጫንኩት!"

የውሃ አባት የሚባሉት፣ ቦዩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሽማግሌ፣ አያ ታፈረ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ስንት ዲስክ አለው?" አሉ።

"ሁለት፣ አባቴ። አንዱ ትልቅና ዘገምተኛ ነው። አንዱ ትንሽና ፈጣን ነው።"

"አውጥተህ ኮፒ ያደረግከው የቱን ነው?"

"ትልቁን ነዋ። ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ትንሹማ ለፍጥነት ብቻ ነው። የቅርብ የቅርቡን ተቀብሎ ይይዝና ሲመቸው ወደ ትልቁ ያ..."

ናሆም አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ጨርሰው እንጂ" አሉ አያ ታፈረ።

"ያስተላልፋል።"

"የሰኞውን አስተላልፎ ነበር?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ አሁን ትንሹን እየው።"

"እሱንም ፎርማት አድርጌዋለሁ" አለ ናሆም፣ ድምፁ ወርዶ። "ንጹሕ እንዲሆን ብዬ።"

"እኛ ቦይ ስንጠርግ መጀመሪያ ኩሬው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ለባለተራው እንለቃለን። አካፋ የምናነሳው ከዚያ ወዲያ ነው" አሉ አያ ታፈረ።

ረቡዕ አባላቱ ተሰበሰቡ። ይርሳው እያንዳንዱ ሰው ሰኞ የደረሰውን ተራ እንዲናገር አዘዘ። ተናገሩ። ናሆም ሲደምረው ሳምንቱ አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

"አዲስ ሲስተም ጫንኩ ያልከው እውነትህን ነው" አለው አንዱ። "ቀን ሁሉ ጨመረልን።"

አያ ታፈረ "የራሳችሁን ተዉት። የጎረቤታችሁን ተናገሩ" አሉ። ተናገሩ። አሁን ሳምንቱ አራት ቀን ተኩል ሆነ።

ሰዉ ሳቀ። ደብሬ አልሳቀችም። ማግሥቱ ሐሙስ ነው። የሽንኩርቷ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኗል። እስከ እሑድ አይቆይም። ላፕቶፑ ላይ ያለው አሮጌ ዝርዝር ደግሞ ሐሙስን ከጠዋት እስከ ማታ ለጓንጉል ይሰጣል። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል፤ ደንቡ ግን የሰማ ሰው አይቆጥርም።

ይርሳው ሳል ሳል አለና "እንግዲህ ማሽኑ የሚለው..." ብሎ ጀመረ።

ሁሉም ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል ለደብሬ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ዝም ካለ ውሃው የእሱ ነው። ዋሸህ ቢሉትም ደንቡ ለእሱ ይፈርዳል።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለ።

"ማሽኑ ሐሙስ የአንተ ነው ይላል" አለ ይርሳው።

"ማሽኑ ረሳ። እኔ ረሳሁ አልኩ?"

"አላልክም።"

"ሰባት ዓመት ቂም የያዝኩ ሰውዬ የሁለት ቀን ነገር ይጠፋኛል? የሐሙስ ጠዋት የእሷ ነው። ስለወደድኳት እንዳይመስላችሁ። ብያለሁ፣ ብያለሁ። ጻፈው።"

ይርሳው ጻፈ። ከዚያ አንዱ ሰውዬ ጭንቅላቱን እያከከ "የእኔ እንኳ ሁለት ሰዓት ሳይበዛ አይቀርም" አለ። ሌላውም የራሱን ቀነሰ። ሌላውም። ናሆም እንደገና ደመረ። ሳምንቱ ሰባት ቀን ሆነ። ይህን ጊዜ ይርሳው በወረቀትም በእጁ ጻፈውና አሥራ አራቱንም አስፈረመ።

ሐሙስ ጠዋት ደብሬ ሽንኩርቷን አጠጣች።

አዲስ መጀመር ጥሩ ነው። የተዝረከረከውን መጥረግም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመጥረግህ በፊት የቅርቡ ነገር የት እንዳለ ጠይቅ። የቆየው ቦታውን ይዟል፤ በቀላሉ አይጠፋም። የሚጠፋው ትናንት የተባለው፣ ገና ቦታው ያልደረሰው ነው። ቤቱን፣ ሥራውን፣ ኑሮውን እንደ አዲስ ልጀምር ብሎ የሚነሳ ሰው ክፋት ሳያስብ የሚያጠፋው ይህንን ነው፤ ለሌላው በቅርቡ የገባውን ቃል። እሱ ንጹሕ ሆኖ ይጀምራል። የሌላው ማሳ ይደርቃል። ቃሉን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ በየመንደሩ አይገኝም።

አንተስ ለመጥረግ ስትነሳ የማን ውሃ እጅህ ላይ ነው?