ካላንደር የሸፈነው ግድግዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ማለዳ ስትነሳ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ግድግዳ መጥረግ ነበር። ወለል አላልኩም፣ ልብ በሉ፤ ግድግዳ ነው ያልኩት። የእናቷ አልጋ የተጠጋበት ግድግዳ ተሰንጥቆ ልስኑ ሲረግፍ ያድራል። እሷ አሸዋውን ከእናቷ ትራስ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ፣ ከነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ታራግፋለች። ዛሬ ታራግፋለች፤ በማግስቱም ያው ነው።

ድካም ታውቃላችሁ? ተኝተው ሲነሱ የሚለቀውን ድካም አይደለም የምላችሁ። ያው ነገር ነገም እንደሚጠብቃችሁ ስታውቁ አጥንት ውስጥ የሚገባውን ነው።

ቤቱ የቆመው ዋልካ መሬት ላይ ነበር። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ አፉን ይከፍታል። ላዩ ላይ ያለው ቤትም አብሮት ከፍ ዝቅ ሲል ይኖራል።

ሴትየዋ ለባሏ ነገረችው። የሚያውቅ ሰው ጠርተን እናሳይ አለችው። ባሏ ደምሰው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ካለበት ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ደራሽ እንኳ ሳቁን በነጠላው አፍኖ ነው የሚወጣው። እና ምን አደረገ? ካላንደር ሰቀለ።

አዎ፣ ካላንደር። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ ሲያዘግም፣ እሱም በየዓመቱ ያገኘውን ካላንደር ይዞ ይከተለዋል። የአምናው አይወርድም፤ የዘንድሮው ከበላዩ ይሰቀላል። ካላንደሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ጣሪያው ወጡ። እንግዳ ሲመጣ «ቤታችሁ ቢሮ መሰለ» ይላል፤ ደምሰውም ደስ ይለዋል።

ስንጥቁ ግን ካላንደር ማንበብ አይችልም። ሰፋ። መጀመሪያ እንሽላሊት ገባችበት። ቀጥሎ ድመቷ በበር መግባት ተወች። ኋላማ ጎረቤታቸው እትዬ ጠጅቱ ጓሮዋ ሆና ስታነጥስ፣ አሮጊቷ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ይማርሽ» ትላታለች፤ እትዬ ጠጅቱም በዚያው በስንጥቁ «ያኑርዎት» ብላ ትመልሳለች። ጨውም በዚያ ተቀባብለዋል ይባላል። የጨውን ነገር ብትጠራጠሩ አልቀየማችሁም። ማነጠሱን ግን እመኑኝ።

ሴትየዋ ለምና ለምና ሲደክማት ራሷ ሄዳ መሐንዲስ ጠራች። መሐንዲሷ መጣች፤ ካላንደሮቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች፣ ውኃ ልኳን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ክረምት ሲመጣ የትኛው በር ጠብቆ አልከፈት እንደሚል ጠየቀች። ከዚያ ወደ ውጪ ወጥታ ከአሸንዳው ሥር ካለው በርሜል አጠገብ ቆመች። ደምሰው በዚያ በርሜል ይኮራል። በርሜሉ በዝናብ ሞልቶ ሲፈስስ ግን ውኃው በሙሉ የቤቱ ጥግ ሥር ይገባል።

አሁን የሴትየዋን ስም ልንገራችሁ፤ ያለ ስሟ የቀረው አይገባችሁም። መሠረት ትባላለች።

መሐንዲሷ ተመልሳ ገባችና «ጋሼ፣ ግድግዳውን ብትለስኑት ተመልሶ ይሰነጠቃል። ችግሩ ያለው መሠረት ላይ ነው» አለችው። ጥጉ ተቆፍሮ ይታይ፣ በርሜሉ ይነሳ፣ እናታችንም ከዚህ ግድግዳ ሥር ይውጡ ብላ አጥብቃ አሳሰበች።

ደምሰው ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይኸው፣ የተማረ ሰው መሰከረልኝ» አለ። «ችግሩ መሠረት ናት።»

ለፀጉር አስተካካዩ አወራ። ለእድርተኛው አወራ። ቀልዱ ከመሠረት ቀድሞ ወፍጮ ቤት ደረሰ፤ እህሏን ስታስመዝን ባለወፍጮው «አንቺ ነሽ አሉ ችግሩ» አላት። ፈገግ አለች። ምን ታድርግ? ቤት ገብታ የእናቷን አልጋ ወደ ሳሎን ልታወጣ ብትጎትት፣ ደምሰው ወንበሬን የት ላደርገው ነው አላት፤ ክረምቱ ይውጣና እናስብበታለን አላት። አልጋው ተመለሰ። እሷም ዝም አለች።

ክረምቱ ግን ገና መግባቱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሠረት ወፍጮ ቤት ሳለች ዝናቡ ወረደ። እቤት ያሉት ደምሰውና አሮጊቷ ናቸው። በርሜሉ ሞላ፣ ፈሰሰ። ድንገት ግድግዳው ቋ አለ። ካላንደሮቹ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ከጀርባቸው የእትዬ ጠጅቱ ጓሮ ቁልጭ ብሎ ታየ። ደምሰው ወደ በሩ ሮጠ። በሩ መቃኑ ተጣሞ ነክሶታል። ቢስበው እምቢ፣ ቢረግጠው እምቢ። ጨነቀው፤ አፉን ስንጥቁ ላይ ደቅኖ «መሠረት! መሠረት!» እያለ ጮኸ።

እትዬ ጠጅቱ ከወዲያ ማዶ «እሱንማ መሐንዲሷ ነግራህ የለ» አለችው።

መሠረት ዱቄቷን በላስቲክ ሸፍና ተሸክማ ደረሰች። ጎረቤቶቿ ዲጂኖ እንዲያመጡ ተጣራች። ከዚያ ወደ ስንጥቁ ጠጋ አለች፤ ከውስጥ የባሏ አንድ ዓይን ያያታል።

«የቱን ነው የምትጠራው?» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

የዚያ ጨዋታ አዋቂ ሰው ዓይን ከስንጥቁ ሸሸ።

በሩ በዲጂኖ ተፈነቀለ። ደምሰው አማቱን አዝሎ ከወጣ በኋላ ግድግዳው ዘንበል አለና የአልጋው ራስጌ ላይ ተኛበት። አሮጊቷ ከጀርባው ሆና «ደምስ፣ ካላንደርህን ረሳኸው» አለችው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። መሠረት ትራሱ የነበረበትን ቦታ እያየች እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ወገኖቼ፣ የእናንተስ ካላንደር የት ነው የተሰቀለው? ሰው ሲመጣ ቀድማችሁ የምትቆሙት ምኑን ለመከለል ነው? ቤታችሁ ውስጥ «የሚያውቅ ሰው እንጥራ» ያለች ሴት አለች? ያለ ልጅ አለ? ምን አላችሁት? ቀልዳችሁበት ይሆናል። እሷም ስቃ ይሆናል። ዝም ስትል የተስማማች መስሏችሁ ይሆናል። ደክሟት ነው።

ደግሞ ስለ ልብ ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ግድግዳም ነው። ቤታችሁ ከተሰነጠቀ መጀመሪያ መሐንዲስ ጥሩ፤ እኔ ለጸሎት ኋላ እደርሳለሁ። ልባችሁ ከተሰነጠቀ ደግሞ በላዩ ላይ ፈገግታ አትስቀሉበት። የሚያውቅ ሰው ይየው። ሲያይላችሁም የጣማችሁን አንዷን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እስከ መጨረሻው ስሙት።

በሉ፣ እኔም ደክሞኛል፣ እናንተም ደክማችኋል። ወደየቤታችሁ ግቡና አንዱን ካላንደር ገለጥ አድርጉ። በሩ ገና ሳይጠብቅ።