እጅ አውጣ የተባለው ጉብታ

ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ዛሬም ሽማግሌ ለሸንጎ የሚቀመጥበት ጉብታ «እጅ አውጣ» ይባላል። እዚያ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው፣ ፀጉሩ ቢነጣ፣ ማዕረጉ ቢበዛ፣ ተሟጋቹ ቆሞ «እጅህን አውጣ!» ሳይለው ነገር አይሰማም። ይህ ድፍረት ከየት መጣ ቢሉ፣ ከአንዲት ሴት ጥላቻ ነው ይላሉ አረጋውያን።

እንደሚነገረው፣ ባላምባራስ ድምጡ የሚባሉ ዳኛ የእንግሊዝ የኪስ ሰዓት ነበራቸው፤ በጀርባው ትንሽ ቁልፍ እየገባ የሚሞላ፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ሰንሰለት የሚጠመጠምበት፣ የድሮ ሥራ። ለተሟጋች ሁሉ በዚህ ሰዓት እየለካሁ እኩል ጊዜ እሰጣለሁ ቢሉ፣ አገሩ «ፍርድ ማለት ይህ ነው» ብሎ አጨበጨበ፤ አጨብጫቢ መቼ ጠፍቶ!

ወይዘሮ አትጠገብ ግን አላጨበጨበችም። ባሏ ሞቶ ዓመት ሳይሞላው ቢሰውር የሚባለው የባሏ ወንድም የመስኖ መሬቷን ሊነጥቃት ከሷታል፤ ባላምባራሱ ደግሞ የቢሰውር አበልጅ ናቸው። እሷ ስትናገር ገና ጉሮሮዋን ሳትጠርግ «ጊዜሽ ሞላ!» ይሏታል፤ ቢሰውር ግን ቅድመ አያቶቹን ሲቆጥር ቢውልም ጊዜው አያልቅበትም። ዳኛውን እንደ እባብ ጠልታቸዋለችና ዓይኗን ከእጃቸው አልነቀለችም። ቢሰውር አፉን በከፈተ ቁጥር ቀኝ እጃቸው በካባቸው ሥር ወደ ሰዓቱ ጀርባ ይገባል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ቀጥ ይላል።

«በንጉሥ አምላክ! ድምጡ፣ እጅህን አውጣ!» አለች፣ አንቱታውን ጥላ።

ባላምባራሱ እጃቸውን ሲያወጡ ቁልፉ በጣታቸው መሐል ነበር።

«ሰዓቱ በቁልፍ ሲሞላ ይቆማል፤ የፈረንጅ ሥራ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ።

ይሄኔ ሰዓቱን የሸጠላቸው ነጋዴ ኑሩ ከሰዉ መሐል ተነሣ። «እንግሊዞቹ ይህን ካሻሻሉት ቆዩ እኮ፤ እየተሞላም የሚሄደውን ባመጣልዎ ‹አሮጌው ይሻለኛል› አሉኝ» አለ።

ከዳኛው ጋር የተቀመጡት ሽማግሌዎች መሬቱን ለአትጠገብ ፈርደው፣ በይ ይቅር በያቸው ቢሏት፣ «እጁንስ አወጣ፤ ልቡን ማን ያወጣልኛል?» ብላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሄደች ይባላል። እስክትሞት አልታረቀችም፤ ደግ አደረገች።

ዛሬ በጉብታው ላይ ሰዓት የሚያይ የለም፤ ሁሉም እስኪበቃው ይናገራል። ከባላምባራስ ድምጡ ዘር የተወለደ ሰው ግን፣ ለመዳኘት ሳይሆን ለመስማት ብቻ ቢመጣ እንኳ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ያኖራል።