የመዳብ አረንጓዴ

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ያስቀምጣት።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ደብር፣ ላቀውና ውብነህ የሚባሉ ወንድማማች ሠዓሊዎች ነበሩ። ታላቁ ላቀው፣ ታናሹ ውብነህ ነው። አባታቸው ሲሞቱ የአረንጓዴ ቀለም አሠራርን ለላቀው ብቻ አወረሱት። መዳብ በኮመጠጠ ጠጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል፤ አረንጓዴ ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ይሆናል። ቀለሙ ከቶ አይደበዝዝም፤ ነገር ግን መርዝ ነው። ውብነህ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የብሩሹን ጫፍ በምላሱ እያሾለ ይሥል ነበር። «ይህን ልማዱን እስኪተው አታስተምረው» ብለው ነበር አባትየው።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ገነት እንድትሣል አዘዘ። ከሁለቱ እጁ የሚያምረው ውብነህ ነበርና ሥራው ለእርሱ ተሰጠ።

ውብነህ መጀመሪያ ቅጠል ጨምቆ ቀባ። በሳምንቱ ገነት ቢጫ ሆነች።

«ወንድሜ፣ ዛፉን አንተ ሣል፤ አረንጓዴውን እኔ ልቀባልህ» አለው ላቀው።

«አያ ላቀው፣ ገነት በሁለት እጅ አትሣልም።»

ቀጥሎ ቢጫ አፈርና ሰማያዊ ቀለም ደባልቆ ቀባ። ገነት ጭቃ መሰለች። ካህናቱም «ከዚህችስ አዳም ወዶ ነው የወጣው!» እያሉ ሣቁበት።

«የእኔ ቀለም መርዝ ነው። ብሩሽ መላስህን ተው፣ ዛሬውኑ አስተምርሃለሁ» አለው ላቀው።

«መርዝ ቢሆን አባታችን አርጅተው ባልሞቱ!»

በሦስተኛው ውብነህ፣ ላቀው ገበያ ሲወርድ ጠብቆ የቀለሙን ምንቸት ሰረቀ። ላቀው ሲመለስ ምንቸቱን አጣው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ሮጠ። ገነት ለምልማለች። አንድ ዛፍ ብቻ ቀርቷል። የውብነህም ከንፈር ለምልሟል።

«ትፋው! ስለ አባታችን ዐፅም፣ ትፋው!»

«መርዙስ ቅናትህ ነው» አለና፣ ወንድሙን እያየ ብሩሹን ላሰ።

ወዲያው ሆዱን ይዞ ወደቀ። ላቀው ወተት አጠጣው፤ አልረጋለትም። ጠበል ረጨው፤ አልነቃም። ሊመሽ ሲል ብቻ ዓይኑን ገለጠ።

«አያ... ዛፉን ጨርስልኝ» አለ። ይህን ብሎ ሞተ።

ከቀብር በኋላ ላቀው ብሩሹን አነሣ። ጫፉ በወንድሙ ምላስ እንደ ሾለ ነበር። መልሶ አኖረው። ያ ዛፍ ያለ ቅጠል ቀረ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። ለውብነህ ግን መከራውም የመምከሪያ ጊዜ አልነበረውም።

ተረቴን ስትወስዱ፣ ምክሩን ጥላችሁ እንዳትሄዱ።