ችቦውና ሸክላ ሠሪዋ ተርብ

«ጠጋ አድርገኝ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለ ችቦው።

አያ ድንበሩ የሚነደውን ችቦ ወደ ታዛው አነሣ። ነገር የማያበዛ ሽማግሌ ነበር። ሚስቱን እታለማሁን ጠዋት ተርብ ነድፏት አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፤ «አንድ ሳታስቀር አቃጥልልኝ» ብላዋለች። ከታዛው ሥር፣ ምሰሶው ላይ፣ አንዲት ተርብ ተቀምጣለች። አጠገቧ የአውራ ጣት ራስ የምታህል የጭቃ ቤት አለች።

ልብ በሉልኝ፣ ያን ጊዜ ተርብም ችቦም እንስራም ይናገር ነበር።

«አያ ድንበሩ፣ ልጄ ከውስጥ አለች!» አለች ተርቢት። «ሚስትህን የነደፉት አጥሩ ላይ የሰፈሩት የመንጋ ተርቦች ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ወገቤን እየው!»

አየው። ደረቷንና ሆዷን የሚያያይዘው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ወገብ ነው።

«ወገብ ምን ይሆናል?» ሣቀ ችቦው። «የአጥሩ ተርቦችስ መቼ ቦርጫም ናቸው? ተርብ ተርብ ነው!»

ችቦው ከፍ አለ።

«ክንፌን እየው!» አለች።

አየው። እንደ ነጠላ በቁመቱ ታጥፎ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«የአጥሮቹም እንዲሁ ያጥፋሉ! ቢጫ መቀነቷም የእነሱው ነው። ተርብ ተርብ ነው!»

እውነቱን ነው። ችቦው ከፍ አለ፤ የታዛው ሣር ጢስ ጢስ ሸተተ።

«እንግዲያው ቤቴን እየው!» አለች ተርቢት።

ይሄኔ በሩን ተደግፋ የቆመችው እንስራ አላስችል አላት።

«አንተ ድንበሩ! እኔን በየቀኑ እያየህ የእሷን ቤት አታውቃትም? እንደ እኔው ሆዷ ድብልብል፣ አንገቷ አጭር፣ ከንፈሯ ወደ ውጭ የተቀለበሰ። የአጥሮቹ ቤት የመንጋ ነው፤ ቀዳዳው አይቆጠርም። ይቺ ግን ብቻዋን ናት፤ ጭቃውን በአፏ አመላልሳ ነው የሠራችው።»

«ዘመድሽን ልታድኚ ነው፣ አንቺ ገል!» አለ ችቦው።

«ዝም በል፣ አንተ አመድ! እኔን እሳት አጠንክሮኛል። ያቺ ግን ጥሬ ጭቃ ናት፤ ያውም ልጅ አለባት።»

አያ ድንበሩ ዓይኑን ወደ ጭቃዋ ቤት አፍ አስጠጋ። ከውስጥ አረንጓዴ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጎመኑን የጨረሰበት ያው ትል! ተርቢት ለልጇ ስንቅ አድርጋዋለች።

ችቦውን አፈር ውስጥ ደፈቀው። ችቦው «ኧረ የሰው ያለህ!» እንዳለ ጠፋ።

እታለማሁ ዓይኗን በእጇ ይዛ ወጣች።

«አቃጠልካት?»

«አላቃጠልኩም።»

«ለምን?»

«ሸክላ ሠሪ ናት።»

እታለማሁ ወደ ምሰሶው ተጠጋች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በመንደሩ ጥፋት በተገኘ ቁጥር «ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው» ይባል ነበር። በደህናው ዓይኗ ቀና ብላ የጭቃዋን ቤት ከንፈር አየች።

«ስምን መንጋ ይጋራዋል፤ እጅን ግን ማንም አይጋራውም» አለችው። «በል ሂድና ደጁን ውሃ አርከፍክፈው፤ የቤቷን አፍ ገና አልደፈነችም፤ ጭቃ እንዳታጣ።»